ለጎርጎራው ጀልባ ሞተር ለምትገዛው ለወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ በስልክ ከሚካሄድ ጨረታ ያገለገለ የጀልባ ሞተር ልትገዙ መሆኑን ሰማሁ። አዲስ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው አሮጌ ቢገዛ ነውር የለበትም። እኔን ያስፈራኝ ፎቶው ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባላል፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ክዳን ከሥሩ ያለውን ፒስተን አያሳይም።

ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ነፍስ ልንገርህ። የጣና ዓሣ አጥማጅ ጥንት በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚሠራው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የገቡት በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዓሣ ልማት ፕሮግራም ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው መሀል ድረስ ይዘልቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲከፋ፣ መሀል ላይ ጸጥ ያለ ሞተር ምን እንደሚያስከትል ለአንተ አልነግርህም። ስለዚህ ርካሽ ሞተር ስታይ መጀመሪያ ማን እንደሚሳፈርበት አስብ።

አሁን ወደ ዋጋው። ዋጋህን ጨረታው ሳይከፈት ቁረጥ። ባሕር ዳር ያሉትን ባለጀልባዎች ጠይቅ፦ ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በደንብ የሚሠራ ሞተር በዚህ ሳምንት ስንት ይሸጣል? ያለፈው ዓመት ወሬ አይጠቅምህም። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 በላይ ወጥቷል፤ መለዋወጫውም አብሮት። ከሰማኸው ዋጋ ላይ የውሃ ፓምፑን ላስቲክ፣ ካንዴላውን፣ የካርቡሬተሩን እጥበት፣ እስከ ጎርጎራ ያለውን ማጓጓዣ ቀንስ። ሳታየው ለምትገዛው ሞተር ደግሞ ለጥርጣሬህ ተጨማሪ ቀንስ። የቀረው ጣሪያህ ነው፤ ጽፈህ ሁላችሁም ፈርሙበት። ጨረታ በመጨረሻው ደቂቃ ይሞቃል፣ እልኸኛ ይነሣል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

ስለ ጉልበቱም አትታለል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በቀጭን አየር ቤንዚን በሚገባ አይቃጠልም፣ በየ1000 ሜትሩም ከጉልበቱ 10 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ አገር 40 የሆነ ሞተር ጎርጎራ ላይ እንደ 33 ይሆናል። ለ40 አትክፈል።

ከጨው ባሕር የመጣ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቅ። ጨው የማቀዝቀዣ ቦዩን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፣ ከውጭ አይታይም። በእኛ በደምቢያ ዳርቻ ደግሞ እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፤ ቀድሞ የጋለ ሞተር ይህን አይችልም። ሻጩን በቀዝቃዛ ሞተር አስነሥቶ በቪዲዮ እንዲያሳይህ ጠይቅ፤ ሲነሣ ከጎኑ ውሃ ይረጫል ወይ? የማርሽ ዘይቱን ያፍስስልህ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ኮምፕሬሽኑ ይለካ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ከመቶ ካለፈ ተወው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና የሞተር ቁጥሩንና ሰነዱን አመሳክር፤ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ በነፃም አትቀበል።

አሮጌ የኤቪንሩድ ሞተር አይተህ አትደሰት። ኦሌ ኤቪንሩድ ሥራውን በ1909 እ.ኤ.አ. የጀመረበት ስም ነው፤ ክብሩን አልነካም። ግን ፋብሪካው በ2020 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል፣ አንድ ቁራጭ ሲሰበር ጀልባችሁ ወራት ይቆማል። ጎረቤቶቻችሁ የሚጠቀሙበትን ዓይነት ግዙ፤ መለዋወጫውም መካኒኩም ቅርብ ይሆናል።

የመንግሥት ጨረታ ከሆነ «ባለበት ሁኔታ» የሚለውን አንብብ፤ ካሸነፍክ በኋላ አቤት የምትልበት ቦታ የለህም። ግን ዕቃውን ቀርቦ ማየት ይፈቀዳል፤ መካኒክህን ይዘህ ሂድ፣ የውሎ አበሉን እኔ እከፍላለሁ። ሻጩ በስልክ ብቻ ቀብድ አምጣ፣ «ሌላ ገዢ አለ» ካለህ ለሌላው ይሁን በለው። ዕድሉ ካልሆነ ይቅር፤ ሌላ ጨረታ ይወጣል። የተስማማችሁ እንደሆነ ግን ጎርጎራ ውሃ ላይ ተሞክሮ ሳይታይ ሙሉ ክፍያውን አትልቀቅ፤ ለሙከራውም ነፋሱ ሳይነሣ በጠዋት ውረዱ፣ የሕይወት ጃኬትም ሳትለብሱ አትነሡ።