ሰሙ ይፋቃል፣ ድምፁስ?

ከሸክላ በፊት ሰም ነበር። የኤዲሰን ፎኖግራፍ ያጫውተው የነበረው ጣሳ የመሰለ የሰም ሲሊንደር ነው፤ የቀድሞዎቹ የሚይዙት ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ። ችግሩ፣ መርፌው ባለፈበት ቁጥር ሰሙ ይፋቃል። ማድመጥ ራሱ ማጥፋት ነው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠሩትን አዳዲስ ቅጂዎች የምሰበስበው። «ፎርጅድ ሰብሳቢ» የሚሉኝ አሉ። ለእኔ ግን ፎርጅድ የሚባለው ቅጂነቱን የደበቀ ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑን የተናገረ ማንንም አልዋሸም፤ እንዲያውም አሮጌውን ሰም ከመርፌ ያሳርፈዋል።

ታዲያ የተገኘው ድምፅ ሁሉ ይቀዳ? እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። በ1898 እ.ኤ.አ. ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክ በፎኖግራፍ መልእክት ላኩ፤ ከተደመጠ በኋላ ግን ሲሊንደሩ እንዲጠፋ አዘዙ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የላኩት መልስ እስከ ዛሬ አለ።

የዚያ የንግሥቲቱ መልእክት ቅጂ አንድ ቀን ገበያ ላይ ቢወጣ እገዛው ነበር? ጆሮዬ «ምን ጥያቄ አለው!» ይላል። ኅሊናዬ ግን እሺ አይልም። ለገበያ የዘፈነ ሰው የዘፈነው እንዲሰማ ነው፤ የእሱን ድምፅ ማባዛት ውለታ ነው። ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የተነገረ ቃል ግን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ስለሞተ አይወረስም።

እናም ከመግዛቴ በፊት ከዋጋው ቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ባለድምፁ ዛሬ ቢጠየቅ «አሰሙልኝ» ይል ነበር?