የሰማይ አደራና የዙፋን ችሮታ

ንጉሥ ራሱ በቸረው ሕግ ይታሰራልን? የቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት መልሳቸው «አይታሰርም» ይመስለኛል። በ1908 እ.ኤ.አ. የታወጀው የሕገ መንግሥት መርሖች ሰነድ 23 አንቀጾች ነበሩት፤ 14ቱ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን፣ 9ኙ ስለ ተገዢው መብትና ግዴታ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሥርወ መንግሥቱ ለዘለዓለም እንደሚነግሥ ይደነግጋል። ሐሳቡ የተቀዳው ከጃፓን ነው፤ እዚያ አንድ የንጉሥ ዘር ብቻ ነግሦ እንደኖረ ይታመን ስለነበር አያስገርምም። በቻይና ግን ከጥንት ጀምሮ፣ ፈላስፋው ሜንሲየስም እንዳስተማረው፣ ንግሥና የሰማይ አደራ ነበር፤ አደራ በላ ንጉሥ ይሻራል። እንግዲህ ሥልጣንን ይገድባል የተባለው ሰነድ ጥንታዊውን ገደብ አንሥቶለት አረፈ።

ውጤቱ በግንቦት 1911 ታየ። የመጀመሪያው ካቢኔ በልዑል ቺንግ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲቋቋም ከ13 አባላቱ የአገሩ ብዙኃን ሕዝብ የሆኑት ሃኖች 4 ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ የንጉሥ ዘመዶች ናቸው። የክፍላተ ሀገር ምክር ቤቶች ተወካዮች አቤት ቢሉ፣ ሹም ሽር የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን መሆኑን ሰነዱን እየጠቀሰ ቤተ መንግሥቱ አሳፈራቸው። በቃሉ ከሄድን ልክ ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

የሜይጂ ሕገ መንግሥትስ የንጉሥ ስጦታ አልነበረምን? ነበር፤ የእኛም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከዚያው ምንጭ ስለቀዳ ጥያቄው ለእኛ ባዳ አይደለም። ነገር ግን በጃፓን ሰጪው በስም ንጉሠ ነገሥቱ ቢሆንም፣ ሥራው እነ ኢቶ ሂሮቡሚን በመሰሉ ሹማምንት እጅ ነበር፤ በስሙ የተሰጠውን እሱ ብቻውን ሊነጥቅ አይችልም ነበር። በቤጂንግ ሰጪውም ተርጓሚውም አንድ ቤተሰብ ነው፤ ንጉሡ ሕፃን፣ እንደራሴው አባቱ።

በኅዳር 1911 የወጡት 19 አንቀጾች የንጉሥ ዘመድ በካቢኔ እንዳይገባ ከልክለዋልና ዙፋኑ ራሱን ገድቧል የሚል ይኖራል። በአቤቱታ የተነፈገው የተሰጠው ግን የዉቻንግ ከተማ ካመፀች፣ የሉዋንጆ ጦርም መሣሪያውን ይዞ ከጠየቀ በኋላ ነው። ገደቡ ከጠመንጃ መጣ፤ ስለዚህም ጠመንጃ ላለው ለጦር አለቃው ለዩዋን ሺካይ ተመቸ። በየካቲት 1912 እቴጌ ሎንግዩ ባወጡት የስንብት አዋጅ ሉዓላዊነት ወደ ሕዝቡ ሲዛወር፣ ሪፐብሊኩን የማደራጀት ሥልጣን ለዩዋን የተሰጠውም በዙፋኑ ቃል ነበር።