አስቀድሞ ተቀምጦ ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምንባብ፦ የሉቃስ ወንጌል ም. 14 ቍ. 28-32

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ብዙ ሕዝብ ይከተለው በነበረበት ጊዜ ወደ እነርሱ ዘወር ብሎ ሁለት ምሳሌ ነገራቸው። አንደኛው ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው ነው፤ ይህ ሰው መሠረቱን ከመጣሉ በፊት ገንዘቡ ለፍጻሜው ይበቃ እንደ ሆነ ይቈጥራል። ሁለተኛው ዐሥር ሺህ ሠራዊት ይዞ፥ ሃያ ሺህ አስከትሎ የሚመጣበትን ንጉሥ ሊገጥም የሚያስብ ንጉሥ ነው፤ እርሱም ጦሩን ከማንቀሳቀሱ በፊት ኃይሉን ይመዝናል። በሁለቱም ምሳሌዎች አንድ ነገር ተደግሞ እናገኛለን፤ ይኸውም ሰውየው አስቀድሞ መቀመጡ ነው።

ይህ ትምህርት በመጀመሪያ የተነገረው የክርስቶስ ደቀ መዝሙር ሊሆን ስለሚወድ ሰው ነው። ነገር ግን ጌታ ምሳሌውን የወሰደው ሰዎች ከሚያውቁት ከዚህ ዓለም ሥራ ስለ ሆነ፥ ለነፍስ ጕዳይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ለዕለት ኑሮም እንደሚያስፈልግ እንረዳበታለን። የተቈጣ ሰው ይነሣል፤ የጓጓ ሰው ይሮጣል፤ የሚያስብ ሰው ግን ይቀመጣል።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይላሉ። እህል ሲሆን እውነት ነው፤ የፈሰሰው ይለቀማል። ነገር ግን ከፈሰሰ በኋላ የማይለቀም ነገር አለ። ከዚህም በላይ የሚያስፈራው፥ የሚቸኵለው አንድ ሰው ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ሄሮድስን እንመልከት። በልደቱ ቀን ለመኳንንቱ ግብዣ አድርጎ ሳለ የሄሮድያዳ ልጅ ገብታ ዘፈነች። እርሱም ደስ ስላለው እስከ መንግሥቱ እኩሌታ ድረስ የምትለምነውን ሁሉ ሊሰጣት ማለላት። ልጂቱ እናቷን አማክራ ተመልሳ የዮሐንስ መጥምቅን ራስ ለመነችው። ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 6 እንደሚነግረን፥ ንጉሡ ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን ስለ መሐላውና አብረውት ስለ ተቀመጡት ሰዎች ሲል ሊከለክላት አልወደደም። የመሐላው ቃል ከአፉ ለመውጣት የፈጀው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ዋጋው ግን የነቢይ ራስ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን በየዓመቱ መስከረም 2 ቀን ታስበዋለች።

ሄሮድስ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። በመጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ ማለ። ሁለተኛ፥ ክፉ መሆኑን ካወቀ በኋላ መመለስን አፈረ። የፊተኛው ስሕተት ችኮላ ነው፤ የኋለኛው ግን እኛ ይሉኝታ የምንለው ነው።

አሁን ደግሞ ንጉሥ ዳዊትን፥ ገና ሳይነግሥ በምድረ በዳ ሳለ እናስበው። ናባል የተባለው ባለጠጋ ስለ ሰደበውና ስንቅ ስለ ከለከለው፥ ዳዊት ተቈጥቶ አራት መቶ ሰዎች ሰይፍ አስታጠቀ፤ እስከ ነግህ ድረስ ከናባል ቤት ወንድ እንዳያስቀርም ማለ። በመንገድ ላይ ግን የናባል ሚስት አቢግያ እንጀራና ወይን አስጭና ተቀበለችው። በፊቱም ወድቃ፥ እግዚአብሔር በእስራኤል ላይ ባነገሠው ጊዜ በከንቱ የፈሰሰ ደም ለልቡ ጸጸት እንዳይሆንበት አሳሰበችው። ዛሬ በቍጣው የሚያየውን ሳይሆን፥ ነገ በዙፋኑ ላይ ሆኖ የሚያስታውሰውን አሳየችው። ዳዊትም እግዚአብሔርን አመሰገነ፥ ምክሯንም ባረከ፤ አራት መቶ የታጠቁ ሰዎች እያዩት ሳያፍር ተመለሰ። ሄሮድስም ምሏል፥ ዳዊትም ምሏል፤ ሄሮድስ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ማፈርን ፈራ፤ ዳዊት ግን እግዚአብሔርን ፈራ።

ወገኖቼ ሆይ፤ ይህ ነገር ከቤታችን የራቀ አይምሰለን። ለልጁ ሠርግ ወይም ለአባቱ ተዝካር «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ከአቅሙ በላይ የሚበደር ሰው አለ። ድግሱ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ዕዳው ግን ከልጆቹ ጕሮሮ ለዓመታት ይነጠቃል። ወዳጁን ማሳፈር አቅቶት፥ ለሚስቱ ሳይነግር ለዋስትና የሚፈርም አለ፤ ያ ወዳጅ ሳይከፍል ቢቀር ቤቷን የምታጣው ያልፈረመችው ሴት ናት። የደላላን ወሬ ሰምቶ፥ የወላጆቹን በሬ አሽጦ በበረሃና በባሕር ወደ ዐረብ አገር የሚጓዝ ወጣት አለ፤ ሄደው የተመለሱትን ግን አልጠየቀም። በሬውም ከሄደ፥ ልጁም ከጠፋ፥ በር በሩን እያየች የምትቀመጠው እናት ናት። በቍጣ ሰዓት በእጅ ስልክ ጽፎ የላከው አንድ ክፉ ቃልም የስንቱን ትዳር አፍርሷል!

«እኔ እኮ አማክሬ ነው የወሰንኩት» የሚልም ይኖራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰሎሞን ልጅ ሮብዓምም አማክሮ ነበር። ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስበው አባቱ የጫነባቸውን ቀንበር እንዲያቀልላቸው በለመኑት ጊዜ የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጣቸው። በሰሎሞን ፊት ይቆሙ የነበሩትን ሽማግሌዎች ጠየቀ፤ አብሮ አደጎቹንም ጠየቀ። ጊዜ ወሰደ፥ ምክርም ሰማ፤ ነገር ግን ከሁለቱ ምክር እውነተኛውን ትቶ ልቡን ደስ ያሰኘውን መረጠ። ስለዚህ ዐሥሩ ነገድ ከዳዊት ቤት ተለዩ። ብዙዎቻችንም የምንመክረው አስቀድመን ልባችን የወሰነውን የሚያጸድቅልንን ሰው መርጠን ነው። ይህ ምስክር ፍለጋ እንጂ ምክር ፍለጋ አይደለም።

የጥንቃቄ ሁሉ አብነት የሚሆነን ጻድቁ ዮሴፍ ነው። እመቤታችን ፀንሳ በተገኘች ጊዜ ምሥጢሩ ገና አልተገለጠለትም ነበር። ነገር ግን በአደባባይ ሊገልጣት አልወደደም፤ ዝም ብሎ ያስብ ነበር። መልአኩ በሕልም የተገለጠለትም ይህን ሲያስብ ሳለ ነው። በዚያች ሌሊት ፈንታ በዚያው ቀን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፥ በንጽሕት ድንግል ላይ የስድብ አፍ ሁሉ በተከፈተ ነበር። የእግዚአብሔር ድምፅ ዝም ብሎ ለሚያስብ ሰው ይሰማል፤ የሚጮኽ ሰው ግን ከራሱ ድምፅ በቀር አይሰማም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እንጸልይ፤ ጸሎታችንም «ያሰብኩትን ፈጽምልኝ» ብቻ ሳይሆን «ክፉ ከሆነ ከልክለኝ» የሚል ይሁን። ሁለተኛ፥ የንስሐ አባታችንን፥ ነገሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችንና «ተው» ለማለት የማይፈራንን ወዳጅ እንጠይቅ። ሦስተኛ፥ ዋጋውን ስንቈጥር የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ጨምረን እንቍጠር። ያ ሰው ሚስታችን፥ ልጃችን ወይም ጎረቤታችን ከሆነ፥ ሳንጠይቀው በእርሱ ላይ ልንወስን አይገባንም። አራተኛ፥ ቍጣም ሆነ ደስታ ሲበረታብን ሌሊቱ ይለፍ።

በእኛ በካህናት ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የተጣሉ ባልና ሚስት በመጡ ጊዜ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ፥ ተቈጥቶም በቀላሉ ግዝት ማውጣት፥ የነፍስን ቍስል ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። የንስሐ ልጅ የአባቱን ቃል እንደ እግዚአብሔር ቃል ይቀበላልና፥ የእኛን ችኮላ የሚከፍለው እርሱ ነው።

ይህን ስንል ግን መዘግየት ሁሉ ጥንቃቄ ነው ማለታችን አይደለም። ንስሐን ለነገ የሚያሳድር አስተዋይ አይባልም። ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው በመንገድ ባየው ጊዜ ቀጠሮ አልሰጠም። አቢግያም ምግቡን ስትጭን ፈጥናለች። ለምሕረት መፍጠን፥ ለፍርድና ለመሐላ መዘግየት፤ የክርስቲያን ሚዛን ይህ ነው።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ከማለት በፊት፥ ከመፈረም በፊት፥ ከመሄድም በፊት እንቀመጥ። ሳያስቡ የወሰኑት ነገር በፊታችን ካለ ደግሞ የሄሮድስን እፍረት ትተን የዳዊትን መመለስ እንመለስ፤ ገና ያልፈሰሰ ደም፥ ገና ያልፈረሰ ቤት አለና።

የጥበብ ባለቤት እግዚአብሔር አምላካችን አስተዋይ ልቡና ይስጠን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።