ገና በመማር ላይ ሳሉ ለሚሾሙ ሐኪሞች

በጥቁር አንበሳም ሆነ በጎንደር፣ በጅማም ሆነ በሌሎቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛው አጠገብ የሚያድረው፣ ደም የሚያስመጣው፣ ቀዶ ሕክምናው አሁን ይደረግ ወይስ እስኪነጋ ይቆይ ብሎ በመጀመሪያ የሚፈርደው፣ ለአስታማሚው ክፉውንም ደጉንም ቃል የሚነግረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ በበሩ ላይ የተጻፈው ፕሮፌሰር ሳይሆን ትምህርቱን ያልፈጸመው ሬዚደንት፣ ከእርሱም በታች ያለው ኢንተርን መሆኑን ከግቢው ውጭ ያለ ሰው እምብዛም አይረዳውም። ከእነዚሁ ተማሪዎች መካከል ደግሞ ትምህርቱን ወደ መፈጸሙ የተቃረበ አንዱ ይመረጥና ቺፍ ሬዚደንት ተብሎ በጓደኞቹ ላይ ይሾማል፤ የተራውን ሠንጠረዥ እንዲያወጣ፣ የጠዋቱን ጉባኤ እንዲመራ፣ በመምህራኑና በተማሪዎቹ መካከል ቆሞ የሁለቱንም ቃል እንዲያደርስ ይታዘዛል። ምክሬ ሹመቱ ለደረሳችሁም፣ ነገ ለሚደርሳችሁም ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ኃላፊነት ስትሸሹት አያለሁ፤ ምክንያታችሁም «እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ፈተናዬን ላልፍ እንጂ ሰው ላስተዳድር አልመጣሁም» የሚል ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ስሙን ትወዱትና ሥራውን ትጸየፉታላችሁ። የመጀመሪያዎቹን እመክራለሁ፤ ሁለተኛዎቹን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው ራሱ ይመክራቸዋል። ተማሪ ሆኖ ተማሪን መምራት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ታላቁ ደቀ መዝሙር ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል፣ ዳዊት ያስደግማል፤ በቅኔ ቤትም በትምህርቱ የገፋው ተማሪ የኔታን እያገዘ አገባቡን ለጀማሪው ያስረዳል፤ ለሌላው ሲያስረዳም የገዛ ራሱ ዕውቀት እየጠራለት ይሄዳል።

በዘመናዊው ሕክምናም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ ከመነሻዎቹ አንዱ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ሕዝቡን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበረና፣ አገሪቱ ሐኪም እስኪበዛላት ድረስ ተቀምጣ ልትጠብቅ ስለማትችል፣ ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ፣ ገና በልምምድ ላይ ሳሉ ወደ ቆላ ድባና ወደ ዳባት ይልካቸው ነበር። ያ ወጣት የጤና መኮንን የሚያስተዳድረው ሁለት ባልደረቦቹን ቢሆንም፣ ነርሷ የምታውቀውን እርሱ እንደማያውቅ፣ ሳኒቴሪያኑ ስለ ምንጩና ስለ መጸዳጃው የሚናገረው ከእርሱ ማዘዣ ይልቅ ብዙ ሰው እንደሚያድን የተማረው በዚያ በገጠር ሥራ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሹመትና ዕውቀት በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ሳለ ሥራው ሊፈርስ እንደሚችል የሚያሳይ የአንድ ወጣት ሐኪም ታሪክ አለና በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው የሀንጋሪ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1846 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል በመጀመሪያው የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሆኖ ሲሾም ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ሥራው በየማለዳው ፕሮፌሰሩ ለጉብኝት ከመምጣታቸው በፊት በሽተኞችን መመርመር፣ አስቸጋሪውን ወሊድ መቆጣጠር፣ ተማሪዎችን ማስተማርና መዝገብ መያዝ ስለ ነበረ፣ ዛሬ ቺፍ ሬዚደንት ከሚሠራው የሚለየው ጥቂት ነው። አዋላጆች በሚሠለጥኑበት በሁለተኛው ክፍል ከሚሞቱት ይልቅ ሐኪሞች በሚማሩበት በእርሱ ክፍል በአራስነት ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች እጅግ እንደሚበዙ መዝገቡ ይመሰክር ነበርና፣ ምክንያቱን አጥብቆ ሲመረምር ተማሪዎቹ ሬሳ ከመረመሩበት ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ወላዲቱን እንደሚነኩ አስተዋለ። በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ፣ በወርኃ አፕሪል ከመቶ 18 የነበረው ሞት በወርኃ ጁን ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

እንግዲህ እውነቱም መዝገቡም በእጁ ነበሩ። የጎደለው ሰውን የማሳመን ትዕግሥት ነው። ያገኘውን በጊዜው ራሱ ጽፎ ስላላወጣው ነገሩን መጀመሪያ ያሳተሙለት ወዳጆቹ ሆኑ፤ የእርሱ ዋና መጽሐፍ የታተመው በ1861 ነው። የአለቃው የፕሮፌሰር ክላይን ልብ አልተመለሰም፣ በ1849 የሹመቱ ዘመን ሲያበቃም አልታደሰለትም፤ በኋላ ዘመኑ የተቃወሙትን ሊቃውንት ነፍሰ ገዳዮች እያለ ግልጽ ደብዳቤ ይጽፍባቸው ጀመር። ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫኔ አይደለም፤ የሚበልጠው ጥፋት ቁጥሩ ፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ ላልተመለከቱት ነው፤ ነገር ግን የክርክሩን ዕዳ የከፈሉት ክርክሩን ያልሰሙት እናቶች ናቸው።

ስለዚህ እናንተም በክፍላችሁ ኦክስጅን እንደሚያልቅ፣ ጓንት እንደሚጠፋ፣ የላቦራቶሪ ውጤት እንደሚዘገይ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ልትነግሩ ስትሄዱ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በሽተኛ ላይ እንደ ደረሰ የተጻፈበትን መዝገብ ይዛችሁ ግቡ፤ በትኩስ ቁጣ የተነገረ አቤቱታ በማግስቱ ይረሳል፣ ቀንና ሰዓት ያለው ግን መልስ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. ተማሪ ሐኪሞችና ሬዚደንቶች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው አደባባይ በወጡ ጊዜ ብዙ ሽማግሎች አጉረመረሙ፤ እኔ ግን ለባልደረባ መቆምም የአመራር አንዱ ክፍል ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የተራበና እንቅልፍ ያጣ ሐኪም የበሽተኛው ጉዳይ እንጂ የግሉ ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

አሁን ወደ ተራው ሠንጠረዥ ልምጣ። የቺፍ ሬዚደንት ጠባይ የሚነበበው በግድግዳ ላይ በምትለጠፈው በዚያች ወረቀት ነው፤ ጓደኞቹም ስለ እርሱ የሚያወሩት በጉባኤ ላይ ስላሰማው ንግግር ሳይሆን የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ሌሊት ለማን እንደ ደረሰ፣ እሑድ በማን ስም ላይ እንደ ተደጋገመ ነው። የፋሲካን ሌሊት ለሙስሊሙ ባልደረባ፣ የአረፋን ለክርስቲያኑ መስጠት ያማረ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የክርስቲያኑ በዓላት በቁጥር ይበዛሉና፣ ሳይጠይቁና ሳይቆጥሩ ሁልጊዜ በአንዱ ላይ መጣል ደግነት የሚመስል ግፍ ይሆናል። ሌሊቱን በድንገተኛ ክፍል ያደረውን ወጣት በማግስቱ ለረጅም ቀዶ ሕክምና ማቆም፣ ለቅሶ የደረሰበትን «በኋላ ትከፍላለህ» ብሎ መልቀቅና ዕዳውን በእጥፍ ማስከፈል፣ የወዳጅን ተራ በእርሳስ የሌላውን በቀለም መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ ትንንሽ የሚመስሉ፣ ርትዕን ግን የሚያፈርሱ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚከብደው የርክክቡ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዓይኑ የቀላ ኢንተርን ካርዶቹን ታቅፎ ይቆምና «7ኛው አልጋ ደኅና አድሯል» ይላል። ደኅና ማለት ምን ማለት ነው? ሽንቱ ስንት ወጣ፣ የታዘዘው ደም ተሰጠው ወይስ ገና ከደም ባንክ አልመጣም፣ ሌሊት ሲያቃስት ለሲኒየሩ ተነግሯል ወይ፣ ቢብስበትስ ምን እንዲደረግ ተወስኗል፣ ማንስ ተረከበው? እነዚህን ጥያቄዎች በለዘበ ድምፅ ጠይቁ። «ምን ተምረህ ነው የመጣኸው?» የሚለውን፣ በሰው ፊት የሚወረወረውን ቃል ግን ከአፋችሁ አርቁ፤ ብዙዎቻችን የተማርነው በእንዲህ ያለ ውርደት ነበረና ማስተማሪያ ይመስለናል፣ ነገር ግን የተዋረደ ኢንተርን በሚቀጥለው ሌሊት ያላወቀውን አይጠይቅም፣ ያጠፋውንም ይደብቃል፣ የተደበቀውም በበሽተኛው ላይ ይወጣል። በዚያው ዋርድ ዕድሜዋን የፈጀች ሲስተር ደግሞ በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ የዚህ ልጅ መልክ አላማረኝም» ስትል፣ የሙቀቱና የደም ግፊቱ ቁጥር ምንም ቢያምር፣ ተነሥታችሁ ሂዱ። ልጁ ደኅና ሆኖ ቢገኝም አመስግኗት፤ ዛሬ ከተናቀች ነገ አትናገርምና።

ሌላው ነገር፣ ሁሉን በራሳችሁ እጅ ለመሥራት አትድከሙ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መክሮታል፤ ሙሴም ምክሩን ሰምቷል። ታናሹ ሬዚደንት ሊሠራ የሚችለውን ለእርሱ ስጡት፣ አጠገቡም ቁሙ። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ለሲኒየሩ ስልክ ደውሉ። «በዚህ ሌሊት ለምን ቀሰቀስከኝ?» የሚል ሲኒየር ያጋጥማችኋል፤ ይቆጣ፣ ቁጣው ያልፋል፣ እናንተ ግን የደወላችሁበትን ሰዓትና የሰጠውን ትእዛዝ በካርዱ ላይ ጻፉ።

ሹመታችሁ ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ስፔሻሊስት ተብላችሁ ወደ ደሴ፣ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ አርባ ምንጭ ትሄዱና፣ ምናልባት በደረሳችሁበት ወር የመምሪያ ኃላፊ፣ በዓመቱ ሜዲካል ዳይሬክተር ሁኑ ትባላላችሁ፤ በዚያን ጊዜ የሚያርማችሁ መምህር አጠገባችሁ አይኖርም። ስለዚህ ስሕተታችሁን የሚያይላችሁ ሰው ሳለ ኃላፊነቱን ተቀበሉ። በሚመጣው መስከረም ቺፍ ትሆናላችሁ የተባላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ ከቀደመው ቺፍ ተቀበሉ፣ ማን በበዓል እንዳደረ ቁጠሩ፣ በአዲሱም ላይ የመጀመሪያውን የበዓል ሌሊት በራሳችሁ ስም ጻፉ።