ልጅ ያድጋል፣ ሽቦው አያድግም

ስሚኝ ልጄ። ልጅሽ የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ ተገጥሞለት እንደ እኩዮቹ ሲሮጥ በማየቴ ተመስገን ብያለሁ። ነገር ግን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላልና ደህና መስሎ መታየቱ አያዘናጋሽ።

ከመሣሪያው ሁሉ ደካማው ከባትሪው ወደ ልብ የሚሄደው ሽቦ ነው። በትንንሽ ልጆች ሐኪሞች ሽቦውን ከልብ ውጫዊ ገጽ ላይ ሰፍተው ባትሪውን ብዙ ጊዜ ከሆድ ቆዳ ሥር ያኖሩታል፤ ለዕድገቱም ብለው ሽቦውን ጠቅለል አድርገው ትርፍ ይተዉለታል። ልጁ ሲመዘዝ ትርፉ ያልቃል፣ ሽቦው ይወጠራል፣ ውሎ አድሮም ሊበጠስ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሽፋኑ ይቀደድና ኃይሉ ወደ ጡንቻ ይፈሳል፤ ያኔ ሆዱ ወይም ደረቱ ይርገበገባል።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ብለዋል አባቶች። ራሱን ካዞረው፣ ጨዋታ መሃል ቁጭ ካለ፣ ደረጃ ሲወጣ ከደከመው፣ «ርቦት ይሆናል» ብለሽ አትለፊው። ሲተኛ ሁለት ጣትሽን የእጁ አንጓ ላይ አሳርፈሽ ምቱን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ሐኪሙ ከነገረሽ ዝቅተኛ ቁጥር ካነሰ ወይም ልጁ ራሱን ከሳተ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ቀጠሮ አትዝለይ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ባለሙያው ማንበቢያውን ቆዳው ላይ አሳርፎ ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቃወም ይለካል፦ ተቃውሞው ከልክ በላይ ከጨመረ የመበጠስ፣ በጣም ከወረደ የሽፋን መቀደድ ምልክት ነው። ራጅም የተወጠረውን ሽቦ ያሳያል። ጸበሉን አልከለክልሽም፤ ከጸበሉ ስትመለሺ ግን ሐኪሙ ዘንድ ተገኚ።

ነገሩን ከሰው አትደብቂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፤ አስተማሪው ይወቅ፣ አያቱም ትወቅ። የመሣሪያው ካርድ ከቦርሳሽ አይለይ።

ሽቦው ይቀየር ቢሉሽ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ። በ1958 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ለአርነ ላርሶን የተገጠመው፣ በዓለም የመጀመሪያው ሰውነት ውስጥ የተቀበረ ፔስሜከር፣ በሰዓታት ውስጥ ነበር የቆመው። ሰውዬው ግን ከ20 በላይ መሣሪያ እየቀያየረ በ2001 እ.ኤ.አ. በ86 ዓመቱ ዐረፈ። መቀየሩ ሽንፈት አይደለም፤ የልጅሽ ማደግ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። አንቺ ብቻ ምቱን ቁጠሪ፣ ቀጠሮውን አክብሪ፤ እሱ ይደግልሽ።