ተቀባይ የነበረች ቤተ ክርስቲያን መስጠት ይገባታልን?

በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚሲዮን እሑድ ሲቃረብ፣ በይፋ ባይነገርም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። «እኛ ራሳችን ድሆች ሆነን ሳለ፣ ለማናውቀው ሀገር ገንዘብ ማዋጣታችን ምን ይባላል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከስስት የመነጨ ነው ብለን ልንንቀው አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ቤቱን እንደገና ለማቋቋም የደከመ ምእመን፣ ወይም በቢስቲማ ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ይህን ቢጠይቅ መልስ ሊሰጠው እንጂ ሊወቀስ አይገባውም።

አስቀድመን የእኛ ስንቅ ከየት እንደመጣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1822 በፈረንሳይ፣ በሊዮን ከተማ፣ ጳውሊና ዣሪኮ የተባለች ወጣት ምእመናንን አስር አስር እያደረገች አሰባሰበች። እያንዳንዱ በየዕለቱ እንዲጸልይ፣ በየሳምንቱም አንዲት ትንሽ ሳንቲም እንዲያዋጣ ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት ብዙዎቹ በሐር ፋብሪካ የሚደክሙ ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ የገቡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስና እ.ኤ.አ. በ1846 የመጡት አባ ማስያስ የመሯቸው ተልእኮዎች ከዚህ ማኅበር መዋጮ ተረድተዋል። እንግዲህ ያን ጊዜ ለእኛ የሰጡን ባለጠጎች ብቻ አልነበሩም፤ ምናልባትም ዓድዋ በየት በኩል እንዳለች የማያውቁ የቀን ሠራተኞች ጭምር እንጂ። ጳውሊና እ.ኤ.አ. በ2022 ብፅዕት ተብላለች።

ተቀባዩስ ምን አደረገ? ጎጃም ዲቦ የተወለዱት ሊቁ አባ ገብረ ሚካኤል የተቀበሉትን እምነት ይዘው በሰንሰለት እንደታሰሩ እ.ኤ.አ. በ1855 አረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው የሰየሟቸው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የሚሲዮን እሑድ በመላው ዓለም እንዲከበር የወሰኑትም በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ እንላለን። ከሊዮን ሳንቲም መጣ፤ ከጎጃም ሕይወት ተሰጠ። ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ለማስላት አንሞክርም።

ደግሞም ተልእኮ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። ከቢስቲማ በስተምዕራብ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሯቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ኋላ በሸዋ ወንጌልን ሰብከዋል። ይህ ምድር ሐዋርያትን የተቀበለ ብቻ ሳይሆን የላከም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ወሎ ውስጥ ቅሬ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሬሳ የሚሸኝበት፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናበት ማኅበር ነው። ገንዘብ ያጣ ሰው በጉልበቱ ይገኛል፤ መቃብር ይቆፍራል፣ እንጨት ይፈልጣል። ለዚህ ሰው «አንተ ድኻ ነህና አትምጣ፣ አታዋጣ» ቢባል ርኅራኄ ይመስለው ይሆንን? ከቅሬው እንደተባረረ ይቆጥረዋል እንጂ። ድኻውን ከመስጠት ነጻ ማውጣት ከማኅበሩ ማውጣት ነው። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ልጆችዋን በሙሉ፣ የአምስት ብር ባለቤቱን ሳይቀር፣ ስጡ የምትለው ስለዚህ ይመስለናል።

ሆኖም ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። የቅሬ መዋጮ ነገ በራሳችን ሐዘን ይመለሳል፤ ወንፈልም ብድር ነው። ለተልእኮ የሚሰጠው ግን ብድር አይመለስበትም፤ እንዲመለስ ከጠበቅንም ይበላሻል። በቢስቲማና በአካባቢዋ ጎረቤታችን በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በ1977ቱ ድርቅ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆና በሀገሪቱ እህል ስታከፋፍል መለኪያው ረኃብ እንጂ ሃይማኖት አልነበረም። እህል ሰጥቶ እምነትን በልዋጭ መጠየቅ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተደመደመው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ተልእኮ ባወጣው ሰነድ ማንንም አስገድዶ ወይም አባብሎ ወደ እምነት ማስገባትን አጥብቆ ከልክሏል። ጎረቤታችን ስለ ክርስቶስ ቢጠይቀን በደስታ እንነግረዋለን፤ ባይጠይቀንም ድርሻው አይቀነስበትም።

ስለ ጸሎት አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ቅድስት ተሬዛ ዘሊዝዩ ከገዳሟ ወጥታ ሳትሰብክ፣ ለሁለት ልዑካን እየጻፈችና እየጸለየች በ24 ዓመቷ አርፋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬርዮስ ጋር የሚሲዮን ጠባቂ አድርጋ ሰየመቻት። በአልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ መቁጠሪያውን ይዞ የሚያቀርበው ጸሎት ሙሉ ስጦታ ነው። ብር በኪሱ ይዞ «እኔ እጸልያለሁ» ለሚለው ግን ይህን ምሳሌ አንሰጠውም። በአንጻሩ ሳይጸልይ የሚያዋጣው ግብር እንደሚከፍል ሰው ነው፤ ሰጥቶ ይረሳል። የሚጸልይ ሰው ግን የሰጠው ወዴት እንደሄደ ይጠይቃል።

ለሚጠይቀውም መልስ አለ። በሚሲዮን እሑድ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከመላው ዓለም መዋጮ ጋር ተደምሮ ወጣት ለሆኑና አቅም ለሌላቸው ሀገረ ስብከቶች ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከትም ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ነው። ከኮምቦልቻ የወጣው አምስት ብር በየትኛው ሀገር፣ ለየትኛው ትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ስንቅ እንደሚሆን ሰጪው አያውቅም፤ የሊዮን ሠራተኞችም አላወቁም።