ስለ ስምና ስለ ሥራ

ሰው ተቀምጦበት በሚሄድበት ነገር መከበሩና መናቁ ዛሬ የተጀመረ ልማድ አይደለም። አባቶቻችን በእግሩ የመጣውን እንግዳና በበቅሎ የመጣውን እንግዳ አንድ አድርገው አይቀበሉም ነበር፤ በቅሎም ከበቅሎ፥ ኮርቻም ከኮርቻ ይለይ ነበር። ነገር ግን መቀመጫው ሰውየውን በእውነት ከፍ ያደርገዋልን? ወይስ ከፍ ያለ ያስመስለዋል? ያንንስ ሰው አይቶ የሚቈጣው ተመልካች ቍጣው ምቀኝነት ነው ወይስ ፍርድ? ይህን ጥያቄ ዛሬ በብስክሌት ምሳሌነት ልንመረምረው እንወዳለን። ብስክሌት ሁለት ቸርኬና አንድ ሰንሰለት ያለው ቀላል ዕቃ ቢመስልም፥ የሰው ልብ የሚወደውንና የሚጠላውን ለማየት ከብዙ ትልልቅ ነገሮች ይልቅ ይመቻል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ስፔሻላይዝድ የሚባል የብስክሌት ኩባንያ አለ። የስሙ ትርጓሜ ለአንድ ሥራ ተለይቶ የተዘጋጀ ማለት ነው። ከዓለም ብስክሌት ነጂዎች ብዙዎቹ ይህን ስም እንደ ራሳቸው ስም ይወዱታል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይለወጣል። አንዱን ዕቃ አንዱ ወገን ሲያመሰግነው ሌላው ሲነቅፈው ባየን ጊዜ፥ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብሎ መፍረድ ይቀልላል። እኛ ግን በሁለቱም ወገን እውነትና ድካም ተቀላቅለው ይገኛሉ እንላለን፤ ምክንያቱንም በየተራው እንገልጣለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የሩቅ አገር ብስክሌት ለእኛ ምናችን ነው? የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በአዲሎም ሆነ በዱራሜ፥ በሆሳዕናም ሆነ በአዲስ አበባ ገበያ ጥቂት ቆሞ ይመልከት። ወጣቱ ጫማ ሲገዛ ገልብጦ ስፌቱን ከማየቱ አስቀድሞ በጎኑ ያለውን ምልክት ያያል፤ ልብስም ስልክም ሲገዛ እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባም ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማት ሥራ የብስክሌት መንገድ እየተሠራ ስለ ሆነ፥ ብስክሌትም ነገ የዚሁ ሐሳብ ተካፋይ መሆኑ አይቀርም።

አስቀድመን ያገራችንን ልማድ እናስታውስ። በኢትዮጵያ ንጉሥም መኰንንም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ስሙ የፈረሱ ሲሆን ዝናው ግን የጌታው ነበረ። ፈረሱን ታጠቅ ብሎ የሰየመ ሁሉ እንደ ቴዎድሮስ አልተፈራም፤ ያ ስም ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሆነው ጌታው በላዩ ሆኖ ከሠራው ሥራ የተነሣ ነውና። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስሙ አስቀድሞ በፋብሪካ ተጽፎ፥ ዝናውም አስቀድሞ በሌላ ሰው ድካም ተገኝቶ ይመጣል፤ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ይለብሰዋል። የፍቅሩም የጥላቻውም ሥር ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ለሚወዱት ወገን የሚገባቸውን እንስጣቸው። የኩባንያው መሥራች ማይክ ሲንያርድ ይባላል። ይህ ሰው በወጣትነቱ የነበረችውን የቮልስዋገን መኪና በ1,500 ዶላር ሸጦ ወደ አውሮፓ ሄደና በብስክሌት ሲዞር፥ በኢጣልያ አገር ከታወቁ የብስክሌት ዕቃ ሠሪዎች ጋራ ተገናኘ። ወደ አገሩም ተመልሶ በ1974 የእነርሱን ዕቃ እያስመጣ መሸጥ ጀመረ። በ1981 ስታምፕጀምፐር የተባለውን የተራራ ብስክሌት አወጣ። ከዚያ አስቀድሞ የተራራ ብስክሌት በካሊፎርኒያ ጥቂት ብልሃተኞች አንድ በአንድ በእጃቸው የሚሠሩት፥ ጥቂት ሰዎችም ብቻ የሚያገኙት ነበረ። ስታምፕጀምፐር ግን በፋብሪካ በብዛት ተሠርቶ ወደ ሕዝብ በመድረስ የመጀመሪያው ስለ ሆነ፥ አንዱ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተቀምጧል። በውድድርም ቢሆን በሰሜን ፈረንሳይ በሻካራ የድንጋይ ንጣፍ ላይ በሚደረገው በታወቀው የፓሪስ ሩቤ ግልቢያ፥ በ2018 ፒተር ሳጋን፥ በ2019 ፊሊፕ ዢልቤር በዚህ ኩባንያ ብስክሌት ተቀምጠው አሸንፈዋል። እንግዲህ ጥሩ ሥራን አይቶ መውደድ ምን ነውር አለው? የእጅ ሥራን መልካምነት ለይቶ ማወቅና ማመስገን የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው።

የሚጠሉት ወገን በመጀመሪያ የሚያነሡት ዋጋውን ነው። ኤስ ወርክስ የተባለው የኩባንያው ከፍተኛ ብስክሌት ከ10,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። ደግሞም ሜሪዳ የተባለው የታይዋን ፋብሪካ በ2001 በኩባንያው ውስጥ ትልቅ ድርሻ ገዝቷል፤ ለስፔሻላይዝድ ብዙ ብስክሌት የሚሠራለትም እርሱ ነው፤ በዚያው ላይ በራሱ ስም የሚሸጠው ብስክሌት አለው። የዓለም የብስክሌት ማኅበርም ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ከ2000 ጀምሮ ስለ ደነገገ፥ ውድ የሆኑት ብስክሌቶች በክብደታቸው እጅግ ተቀራርበዋል። ስለዚህ ነቃፊዎቹ፥ ከዋጋው ብዙው የሚከፈለው ለዕቃው መስሎአችሁ ለስም ነው፥ ይላሉ።

በዚህ ነቀፋ እውነት አለበት። ነገር ግን ሚዛን ይፈልጋል። አዲስ ነገር መርምሮ ማውጣት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሠሪውም የሥራውን ዋጋ ቢጠይቅ ግዙ ብሎ ያስገደደው ሰው የለም። ያገራችን ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው ምቀኛ የሌለው ሰው የሚያስቀና ነገር የለውም ሲል ነው። ባልንጀራው በውድ ብስክሌት ዳገት ሲወጣ አይቶ «ስም ገዝቶ ነው» ብሎ የሚያንሾካሹክ ሰው፥ ያው ብስክሌት በነጻ ቢሰጠው ደስ ብሎት የሚቀበል ከሆነ፥ ቍጣው ፍርድ ሳይሆን ምኞት ነው። ስለ ዋጋው ብቻ የሚነሣ ጥላቻ ብዙውን ጊዜ በዚህ ፈተና ይወድቃል።

ሁለተኛው የጥላቻ ምክንያት ግን ከዚህ ይከብዳል። እርሱም ኩባንያው በስም ላይ ያሳየው ጠባይ ነው። ሩቤ በሰሜን ፈረንሳይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ እርስዋ የሚደረገውም ግልቢያ ከ1896 ጀምሮ የኖረ ነው። ስፔሻላይዝድ ሩቤ የሚባል ብስክሌት ስለሚሸጥ፥ ይህን ስም በካናዳ አገር በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ ነበር። በ2013 በአልበርታ አውራጃ ኮክራን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የቀድሞ ወታደር ካፌ ሩቤ የሚል ትንሽ የብስክሌት ሱቅ ቢከፍት፥ ኩባንያው ስሙን ለውጥ ሲል በጠበቃ ጻፈበት። ባለ ሱቁ ለመከራከር አቅም አልነበረውም። ወሬው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ግን ከየአገሩ ብዙ ብስክሌት ነጂዎች ተቈጡ። በዚህ መካከል ፉጂ የተባለውን ብስክሌት የሚሸጠው ሌላ ኩባንያ ተነሥቶ፥ የሩቤ ስም የንግድ መብት የእኔ ነው፤ ስፔሻላይዝድ በእኔ ፈቃድ ይጠቀምበታል እንጂ በካናዳ ለማስመዝገብ ሥልጣን አልነበረውም፤ ሱቁም በስሙ ይጠቀም፥ አለ። በመጨረሻ ማይክ ሲንያርድ ራሱ ወደዚያች ትንሽ ሱቅ ሄዶ ባለቤቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሱቁም በስሙ ቀረ።

ከዚህም አስቀድሞ ኩባንያው፥ ከእርሱ ዘንድ ወጥተው ቮላጂ የተባለ ትንሽ የብስክሌት ንግድ ያቋቋሙ የቀድሞ ሠራተኞቹን ከሶ ነበር። በ2012 ፍርዱ ሲያልቅ ከክሱ ብዙው ወድቆ፥ ውል በማፍረስ ብቻ የተፈረደለት ካሣ 1 ዶላር ሆነ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አንድ ዶላር ልብ በል። ሕግ መብትን ሲመዝን ትንሽ አግኝቶበታል ማለት ነው፤ ሕዝብ ግን ከሳሹን ሲመዝን ብዙ አጐደለበት።

እዚህ ላይ ለኩባንያው የሚከራከር ሰው የሚለው አለው። የንግድ ሕግ፥ ስሙን የማይጠብቅ ነጋዴ ስሙን ያጣል፤ ዛሬ ትንሹን ዝም ቢል ነገ ትልቁ ይወስድበታል፥ ይላል። ይህም ከንቱ ነገር አይደለም። እኛም ኢትዮጵያውያን በዚሁ ነገር ተፈትነናል። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋራ ሲከራከር ቈይቶ በ2007 በስምምነት ጨረሱ። በዚያን ጊዜ ስማችንን እንጠብቅ ስንል የነበርነው እኛ ነን። ታዲያ እኛ ስናደርገው መልካም፥ ስፔሻላይዝድ ሲያደርገው ክፉ የሚሆነው ስለ ምንድር ነው?

ልዩነቱ በሁለት ነገር ነው። መጀመሪያው፥ ስሙን በማን ላብ አከበረው የሚለው ነው። ይርጋ ጨፌ በዓለም የተሰማው የአገሩ ገበሬ ቡናውን ተክሎ፥ ለቅሞና አጥቦ ስላስከበረው ነው፤ ስለዚህ ጥቅሙን ይቀበል ዘንድ የሚገባው እርሱ ነው። የሩቤን ስም ያከበሩት ግን የከተማዋ ሰዎችና ከመቶ ዓመት በላይ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ እየወደቁ እየተነሡ የጋለቡት ብስክሌተኞች ናቸው። ኩባንያው ከዚያ ክብር ተካፈለ እንጂ አልፈጠረውም፤ ከማዕድ የተካፈለ ሰውም ሌላውን ተካፋይ ከማዕዱ ተነሣ ሊለው አይገባውም። ሁለተኛው፥ በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ትንሹ ትልቁን ሲጠይቅ ስም መጠበቅ መከላከያ ይሆናል፤ ትልቁ በአንዲት ከተማ ያለውን አንድ ባለ ሱቅ ሲያስፈራራበት ግን ያው ሕግ መግፊያ ይሆናል። የሕጉ ቃል አንድ ሲሆን የሥራው መልክ ሁለት ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ምክንያት የተነሣውን ጥላቻ ምቀኝነት ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ከተቈጡት መካከል ብዙዎቹ በዚያው ኩባንያ ብስክሌት የሚነዱ ነበሩና፥ የሌላቸውን ተመኝተው ተቈጡ ሊባል አይቻልም። የይቅርታውም መምጣት ነቀፋው ከንቱ እንዳልነበረ ያስረዳል። ይቅርታ ለመጠየቅ ራሱ መሄዱን ግን ለሲንያርድ ልንቈጥርለት ይገባል፤ ትልቅ ሰው ወደ ትንሽ ሱቅ ራሱ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነውና።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አንጥረኛ የሰም ቅርጽ አበጅቶ ወርቁን ሲያፈስበት፥ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም የሰሙን መልክ ይዞ ይቀራል። ሰሙ አያስፈልግም የሚል አንጥረኛ የለም፤ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሚጥልም የለም። በዕቃም ነገር ስም ሰም ነው። መልካም ሥራ የሚታወቅበት መልክ ስለ ሆነ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በእሳት ጊዜ የሚቀረው ሥራው ነው። እንግዲህ ውድ ብስክሌት የሚወድ ሰው ስሙን በሐሳቡ ፍቆ ይመልከት። ስሙ ከተፋቀ በኋላ አገባቡን፥ ፍሬኑን፥ በዳገት ላይ ያለውን ቅልጥፍና የሚወደው ከሆነ፥ ፍቅሩ የሥራ ፍቅር ነው። ስሙ ሲፋቅ ፍቅሩም ከተፋቀ፥ የሌላውን ክብር ተውሶ ነበረ ማለት ነው፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለውም ስለዚህ ነው። የሚጠላውም እንዲሁ ያድርግ። ስሙ ሲፋቅ ቍጣው ከጠፋ የተቈጣው በባልንጀራው ጌጥ ነው፤ ስሙ ተፍቆም በትንሹ ሰው ላይ የተሠራው ግፍ ቢያስቈጣው፥ ቍጣው የፍርድ ቍጣ ነው።

ያገራችን ብስክሌተኞች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 በሜልቦርን ከተማ፥ ከሯጮቹ ጋራ ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ በቡድን የጎዳና ውድድርም 9ኛ ሆኑ። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ወደ ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ የተቀመጠበትም ብስክሌት ከዚህ በላይ የጠቀስነው የሜሪዳ ሥራ ነበረ። ስሙ ሲነሣ ግን ማን ፋብሪካውን ይጠይቃል? የምናስታውሰው እግሩንና ትዕግሥቱን ነው። በሜልቦርንም የነበሩት በምን ብስክሌት እንደ ጋለቡ የሚጠይቅ የለም፤ ዘጠነኛ መሆናቸው ግን ተጽፎ ይኖራል።

ስለዚህ ለሦስት ወገን ሦስት ቃል እንተዋለን። ሠሪ ሆይ፥ ስምህን በሥራህ ጠብቅ፤ በጠበቃም ብትጠብቀው ከአንተ ከሚበልጠው ላይ እንጂ ጉልበት ከሌለው ላይ አትጀምር። ገዢ ሆይ፥ አቅምህ ከፈቀደ መልካሙን ሥራ ግዛ፤ ክብር ግን ከዕቃው ጋራ ተጠቅልሎ እንደማይመጣ ዕወቅ። ተመልካች ሆይ፥ በሌላው መቀመጫ ላይ ከመፍረድህ አስቀድሞ ልብህን መርምር፤ ቍጣህ ስለ ራስህ ከሆነ ተወው፥ ስለ ተገፋው ሰው ከሆነ ግን ዝም አትበል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የወጣውን ስም የሚያጸናው ግን የሰው ሥራ ነው።